«ጉጉቱ» እና የሉሰር ሂሳብ፦ ስለ ሄንከል 219 ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሄንከል 219 የሚባል የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን ነበራቸው። በመጀመሪያው የውጊያ ሌሊቱ ብቻ አምስት ቦምብ ጣይ ጣለ ይላሉ። ታዲያ ለምን በብዛት አልተሠራም? ሚልኽ የሚባለው ባለሥልጣን በግል ጥላቻ ባያግደው ኖሮ እንግሊዞችን ያቆማቸው ነበር የሚባለውስ እውነት ነው?»

አጭሩ መልስ «አይመስለኝም» ነው። ረጅሙ ግን ይጣፍጣል፤ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት አውሮፕላን በመጠገን እንጂ በማብረር አይደለም። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ሲወደስልኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ «ስንት ይሮጣል?» የሚለው አይደለም። «በምን ሞተር? ማን ይገጣጥመዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። የሄንከል 219 ታሪክ በዚህ በኩል ሲታይ መልኩ ይለወጣል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ነገር ከሥሩ ይሁንና ከ1940 እንጀምር። ጦርነቱ ሲጀመር ጀርመን የረባ የሌሊት ተዋጊ ኃይል አልነበራትም። ያስፈልገናል ብሎ የተጨነቀም ብዙ አልነበረም። እንግሊዞች ግን በቀን ሲበሩ ክፉኛ ስለተመቱ ወደ ሌሊት ዞሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዮሴፍ ካምሁበር የሚባል መኮንን የሌሊቱን መከላከል እንዲያደራጅ ተሾመ። በእጁ የነበረው አውሮፕላን መሰርሽሚት 110 ነው። ይህ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በቀን እንግሊዝ ሰማይ ላይ የእንግሊዞቹ ተዋጊዎች ስፒትፋየርና ሃሪኬን መጫወቻ ያደረጉት ነው። በሌሊት ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጨለማ ውስጥ እንደ ልብ መገለባበጥ አያስፈልግም። የሚፈለገው የተረጋጋ አውሮፕላን፣ ብዙ ነዳጅ፣ ከባድ መሣሪያና ከአብራሪው ጋር አንድ ተጨማሪ ሰው ነው።

ካምሁበር ሰማዩን እንደ እርሻ ማሳ ሸነሸነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ላይ ራዳር ተተከለ። አንዱ ራዳር ቦምብ ጣዩን ይከተላል፣ ሌላው የራሳቸውን ተዋጊ ይከተላል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ በሬዲዮ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» እያለ ሁለቱን ያገናኛል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች አብራሪው በዓይኑ ነበር የሚጨርሰው። ጨረቃ ከሌለች አበቃ።

ስለዚህ ራዳሩን አውሮፕላኑ ላይ ማውጣት ግድ ሆነ። በነሐሴ 1941 ሉድቪግ ቤከር የሚባል አብራሪ በዶርኒየር 215 ላይ በተገጠመ ሊሽተንሽታይን በሚባል ራዳር እየታገዘ የመጀመሪያውን ድል አስመዘገበ። የሚገርመው ብዙ አብራሪዎች ዕቃውን ጠልተውት ነበር። አፍንጫው ላይ የተተከለው የአንቴና ጫካ ነፋሱን እየተጋፋ በሰዓት እስከ 40 ኪሎሜትር ገደማ ፍጥነት ይበላል። ለአብራሪ ፍጥነት መቀነስ ማለት ደሞዝ እንደ መቁረጥ ነው። ውጤቱን ሲያዩ ግን ዝም አሉ።

አሁን ወደ ሄንከል እንምጣ። የ219 አባት ሮበርት ሉሰር ይባላል። መሰርሽሚት ዘንድ ሠርቶ ወደ ሄንከል የተመለሰ መሐንዲስ ነው። ሲጀመር የሌሊት ተዋጊ ለመሥራት አላሰበም። እሱ ያሰበው ፈጣን ቦምብ ጣይ ነበር፤ ፒ 1055 የሚል የፕሮጀክት ስም ነበረው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ጥሩ ነገር የለም። አየሩ የታመቀ ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) አለው። ሰው ከነመቀመጫው ወደ ውጭ የሚያስፈነጥር ወንበር አለው። ጎማው ከጅራት በታች ሳይሆን እንደ ዛሬዎቹ አውሮፕላኖች ከአፍንጫ በታች ነው። መከላከያ መትረየሶቹን ተኳሹ ከሩቅ ነው የሚያዛቸው። ሞተሮቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሁለት ሞተሮች ተጣምረው የተሠሩ ናቸው። ፍጥነቱ በሰዓት 750 ኪሎሜትር ገደማ ተብሎ ተሰላ። ላም አለኝ በሰማይ!

በነሐሴ 1941 የአየር ሚኒስቴሩ «በጣም የተወሳሰበ ነው፣ አደጋ አለው» ብሎ መለሰለት። ሉሰር ወዲያው ክንፉንና ሞተሩን እየለዋወጠ አራት የሌሊት ተዋጊ አማራጮች አቀረበ። እነሱም ተጣሉ። ኤርንስት ሄንከል ተናደደና ሉሰርን አባረረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ፤ ለዚህ ታሪክ ቁልፉ እዚህ ጋ ያለ ስለሚመስለኝ ነው። ሉሰር ከተባረረ በኋላ ፊዘለር የሚባል ኩባንያ ገባና ቪ 1 የተባለውን በራሪ ቦምብ ነደፈ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄደ፤ በ1950ዎቹ ሃንትስቪል ውስጥ ከሮኬት ሠሪዎቹ ጋር ሠራ። ዛሬ ግን በሙያችን ውስጥ ስሙ የሚነሣው በአውሮፕላን አይደለም፤ «የሉሰር ሕግ» በሚባል ሂሳብ ነው። ሕጉ ቀላል ነው። ተከታትለው መሥራት ያለባቸው ክፍሎች ካሉህ የሁሉም አስተማማኝነት እርስ በርሱ ይባዛል። አይደመርም፣ አማካይ አይወሰድም፣ ይባዛል። ለምሳሌ ስድስት አዳዲስ ነገሮች አንድ አውሮፕላን ላይ ገጠምክ እንበል። እያንዳንዳቸው ከ10 ጊዜ 9ኙን በትክክል ይሠራሉ። አንድ በአንድ ሲታዩ አይከፉም። አብረው ሲባዙ ግን ሁሉም በአንድ በረራ የሚሠሩበት ዕድል 53 በመቶ ነው። ሳንቲም እንደ መወርወር ማለት ነው። 100 ክፍሎች እያንዳንዳቸው 99 በመቶ ቢታመኑ እንኳ አንድ ላይ 37 በመቶ አይሞሉም።

አየህ ቀልዱን? በአንድ አውሮፕላን ላይ ብዙ አዲስ ነገር ጫንክ ተብሎ ሥዕሉ የተጣለበት ሰው፣ ያ ለምን ችግር እንደሆነ የሚያስረዳውን ሂሳብ ለዓለም የሰጠው እሱ ራሱ ነው። እኔ በጥገና ሥራዬ ይህን ሂሳብ በእጄ ዳስሼዋለሁ። አንድ ወቅት አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲመጣልን ያስለቀሰን ትልቁ ሞተር አልነበረም። የአንዲት ትንሽ ቫልቭ ጥፋት ሌላውን እየጎተተ ስንት ሌሊት አሳድሮናል።

ወደ ጉዳያችን። ሉሰር ቢሄድም ሥዕሉ አልሞተም። ካምሁበር ለሌሊት ብቻ ተብሎ የተሠራ አውሮፕላን በጣም ይፈልግ ነበር። እስከዚያ ድረስ የነበሩት ሁሉ የሌላ ሥራ ልብስ የለበሱ ናቸው፤ ወይ የቀን ተዋጊ ነበሩ ወይ ቦምብ ጣይ። የሄንከል ሰዎች ሥዕሉን አሳነሱት፣ አቃለሉት። ተጣማሪዎቹን ሞተሮች ትተው ሁለት ተራ ዳይምለር ቤንዝ 603 አደረጉት፤ እያንዳንዱ 1,750 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ፒ 1060 ብለው በ1942 መጀመሪያ ላይ ሥራው ተጀመረ። ሚኒስቴሩ ገና ስላልተዋጠለት ሄንከል በራሱ ገንዘብ ነበር የገፋበት።

ከዚያ ሁለት ነገር ደረሰ፤ ሁለቱም የሚልኽ ጥፋት አይደሉም።

አንደኛው ሮስቶክ ነው። በሚያዝያ 1942 የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ለአራት ተከታታይ ሌሊት የሮስቶክን ከተማና እዚያ ያለውን የሄንከል ፋብሪካ ደበደቡ። ከ219 የሥራ ሥዕሎች አብዛኛው ተቃጠለ። ያኔ ኮምፒውተር የለ፣ ቅጂ የለ። ሥዕል ማለት በወረቀት ላይ በእጅ የተሣለ ነው፤ ከተቃጠለ ነዳፊው እንደገና ቁጭ ብሎ ይሥላል። ሥራው ወደ ቪየና ዳርቻ፣ ወደ ሽቬኻት ዞረ። የሌሊት ቦምብ ጣዮችን ሊያቆም የታሰበውን አውሮፕላን ወራት ያዘገዩት ራሳቸው የሌሊት ቦምብ ጣዮች መሆናቸው ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ዳይምለር ቤንዝ 603ን እስከ ነሐሴ 1942 ድረስ ማስረከብ አልቻለም። አካሉ ቆሞ ሞተር የሚጠብቅ አውሮፕላን ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለህ! ሃንጋር ውስጥ ከዚያ የበለጠ የሚያናድድ ነገር የለም። የመጀመሪያው የሙከራ አውሮፕላን በመጨረሻ ኅዳር 6 ቀን 1942 ተነሣ። ሲበር ደግሞ የመረጋጋት ችግር ታየበት። አካሉ እንዲረዝምና ጅራቱ እንዲስተካከል ተደረገ። ይህ ክፋት የለውም፤ የትኛውም አዲስ አውሮፕላን የሚያልፍበት ነው። ጊዜ ግን ይበላል።

የወጣው ዕቃ ምን ይመስል ነበር? ቆንጆ ነው፤ ይህን አልክድም። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 18.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 15.5 ሜትር ገደማ። ኮክፒቱ ከፊት ለፊት፣ ከፕሮፔለሮቹ ቀድሞ የተቀመጠ ነው። አብራሪውና የራዳር ሠራተኛው ጀርባና ጀርባ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። ዕይታው ለሌሊት ሥራ የተመቸ ነው፤ ከፊታቸው የሚጋርድ ሞተር የለም። ግን አንድ መዘዝ አለው። አውሮፕላኑ ሲመታ ዘልለህ ልውረድ ብትል ከኋላህ ሁለት ፕሮፔለር እየተሽከረከረ ይጠብቅሃል። የሚያስፈነጥረው ወንበር እዚህ ጋ ቅንጦት መሆኑ ቀረ። ወንበሩ በታመቀ አየር ኃይል ይሠራ ነበር። ሄንከሎች ልምዱ ነበራቸው፤ ሄንከል 280 የሚባል የሙከራ ጄት ሲያበር የነበረ ሰው በእንዲህ ዓይነት ወንበር ተስፈንጥሮ ተርፏል።

መድፎቹ በክንፉ ሥርና ከሆዱ በታች ባለ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ይህም በብልሃት የተደረገ ነው። አፍንጫው ላይ ቢሆኑ ሲተኮሱ የሚወጣው ብርሃን ጨለማ የለመደ ዓይንን ያሳውራል።

የስሙ ነገርም አለ። «ኡሁ» ይሉታል፤ ትልቁ ጉጉት ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

መጋቢት 25 ቀን 1943 ሬክሊን በሚገኘው የሙከራ ጣቢያ ከሌሎች እጩዎች ጋር አወዳደሩት። 219ን ያበረረው የታወቀው የሌሊት ተዋጊ አብራሪ ቬርነር ሽትራይብ ነው። ተፎካካሪውን ዩንከርስ 188 ያበረረው ፎን ሎስበርግ ነበር። ሦስተኛው ዶርኒየር 217 ነበረ፤ እሱ ከባድና ዘገምተኛ ስለነበር ቶሎ ከጨዋታ ወጣ። ሄንከሉ አሸነፈ።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች፤ አንተ የጠቀስካት። ሰኔ 11 ለ12 አጥቢያ 1943፣ እንግሊዞች ዱሰልዶርፍን ለመምታት መጡ። ሽትራይብና የራዳር ሠራተኛው ፊሸር ከኔዘርላንድስ ከቬንሎ ጣቢያ ተነሡ። የያዙት ገና የሙከራ አውሮፕላን ነው፤ ዘጠነኛው ናሙና። በአንድ በረራ አምስት ቦምብ ጣይ ጣሉ። ይህ እውነት ነው።

ሰዎች የሚረሱት የታሪኩን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሲመለሱ የፊት መስታወቱ በዘይት ተሸፍኗል። ለማረፍ ፍላፑን፣ ማለትም ለማዘግየት ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል፣ ሲያወርዱ ወርዶ አልቆለፈም፤ ተመልሶ ገባ። አውሮፕላኑ በጣም ፈጥኖ መሬት ላይ ተፈጠፈጠና ተበታተነ። ኮክፒቱ ከቀረው አካል ተገንጥሎ ሁለቱን ሰዎች እንደያዘ በሜዳው ላይ ተንሸራተተ። ሁለቱም ወጥተው በእግራቸው ሄዱ። እንግዲህ ያን ሌሊት አምስት ለአንድ ነው ማለት ትችላለህ፤ ለጀርመኖች መጥፎ ንግድ አይደለም። እኔ ግን እንደ ጥገና ሰው ዓይኔ ያረፈው ያልቆለፈው ፍላፕ ላይ ነው። የሉሰር ሂሳብ!

ከዚያ ወሬው አበጠ። በቀጣዮቹ አሥር ቀናት ጥቂቶቹ የሙከራ 219ዎች 20 አውሮፕላን ጣሉ፣ ከነሱ ስድስቱ ሞስኪቶ ናቸው የሚል ታሪክ መጽሐፍ ከመጽሐፍ እየተቀዳ ሲዞር ኖሯል። የዘመኑ መዝገቦች ይህን አያረጋግጡም። ሞስኪቶ ከእንጨት የተሠራች፣ በጣም ፈጣን የእንግሊዝ አውሮፕላን ናት። 219 እንደ ልቡ ያሳድዳት ነበር የሚለው ወሬ ብዙውን ጊዜ አንቴናው ሳይገጠም፣ መሣሪያው ሳይሞላ ከሚገኝ የፍጥነት ቁጥር የተቀዳ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘው አውሮፕላን 15 ቶን ይደርሳል። ከጦርነቱ በኋላ የተማረከውን 219 ያበረረው ታዋቂው የእንግሊዝ ሞካሪ አብራሪ ኤሪክ ብራውን ዋና ቅሬታው ጉልበት ያንሰዋል የሚል ነበር። በተለይ ሲነሣ አንድ ሞተር ቢጠፋ የሚያስጨንቅ አውሮፕላን ነው።

አሁን ኤርሃርድ ሚልኽ። በአየር ሚኒስቴሩ ውስጥ የምርቱን ነገር የያዘው ፊልድ ማርሻል ነው። 219ን መጀመሪያም አልወደደውም፤ ካምሁበር አልፎት ሲሄድ ደግሞ ተናደደ። በመካከላቸው ቂም ነበረ ብትለኝ አልከራከርህም። ካምሁበርም በ1943 መጨረሻ ላይ ከሌሊት ተዋጊዎቹ ተነሥቶ ወደ ኖርዌይ ተላከ። ግን ቂሙን ትተህ ደብተሩን እይ።

ዩንከርስ 88 የሚባል አውሮፕላን አለ። ከ1939 ጀምሮ በመስመር ላይ ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ14,000 በላይ ተሠርቷል። ፋብሪካዎቹ ተዘርግተዋል። መካኒኮቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። መለዋወጫው በየጣቢያው ሞልቷል። የሌሊት ተዋጊ አድርገህ ልታወጣው አዲስ ፋብሪካ አትከፍትም። ሄንከል 219ን በብዛት ልትሠራ ብትነሣ ግን አዲስ የመገጣጠሚያ መስመር፣ አዲስ የመቁረጫ ቅርጽ፣ አዲስ ሥልጠና ያስፈልግሃል። ሞተሩን ደግሞ ከሌሎች ጋር ትሻማለህ፤ ያንኑ ዳይምለር ቤንዝ 603 መሰርሽሚት 410ም ይፈልገዋል፣ ዶርኒየር 217ም ይፈልገዋል። በየሌሊቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦምብ ጣዮች እየመጡብህ፣ በእጅህ ያለውን መስመር አቁመህ አዲስ ልትጀምር ነው? አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ሚልኽ ይህን ማለቱ ምቀኝነት አይደለም፤ እኔም በወንበሩ ብቀመጥ ያንኑ የምል ይመስለኛል።

ሚኒስቴሩ ግን ነጻ አይወጣም። የሱ ጥፋት 219ን መከልከሉ አይደለም፤ መወሰን አለመቻሉ ነው። በአንድ በኩል 219ን ሳይገድሉ ሳያሳድጉ በትንሽ በትንሹ አሠሩት። በሌላ በኩል ፎከ ቩልፍ ኩባንያ ታ 154 የሚባል የእንጨት የሌሊት ተዋጊ እንዲሠራ ገፉበት። የዚያም መጨረሻ የሚያስቅ የሚያስለቅስ ነው። እንጨቱን የሚያጣብቀው ልዩ ሙጫ የሚሠራበት የቩፐርታል ፋብሪካ በቦምብ ወደመ። በምትኩ የመጣው ሙጫ እንጨቱን የሚበላ አሲድ ነበረበት፤ አውሮፕላኖቹ አየር ላይ ተለያዩ። በላዩ ደግሞ ዩንከርስ 388 ይመጣል እየተባለ ይጠበቅ ነበር። እሱ ሲዘገይ 219 እንደገና ትንሽ ይፈቀድለታል። ለአንድ ፋብሪካ «አቁም፣ ቀጥል፣ አቁም» ከማለት የከፋ ነገር የለም።

በመጨረሻ የተሠሩት 219ዎች ስንት ናቸው? ሦስት መቶ አይሞሉም። የሽቬኻት ፋብሪካም ሰላም አላገኘም፤ በ1944 የአሜሪካ 15ኛ አየር ኃይል ከጣሊያን እየተነሣ በቀን ደበደበው። እዚያ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ደግሞ በውዴታቸው የመጡ አልነበሩም። ከ1943 ጀምሮ የማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ቅርንጫፍ እዚያው ተከፍቶ እስረኞች በግዴታ ይሠሩ ነበር። ስለ አውሮፕላኑ ውበት የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ዘለው ያልፋሉ፤ መዘለል ያለበት አይመስለኝም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አካሉ ነው። የሌሊቱን ጦርነት ይበልጥ የወሰነው ግን አካሉ ሳይሆን አፍንጫው ላይ ያለው ራዳር ነው። ሐምሌ 24 ቀን 1943 ሌሊት፣ ሃምቡርግ ላይ፣ እንግሊዞች በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአሉሚኒየም ወረቀት ቁራጮች ከሰማይ በተኑ። ቁራጮቹ 27 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማሉ። ልኩ በዘፈቀደ አይደለም። አንድ የብረት ቁራጭ ርዝመቱ የሬዲዮ ሞገዱን ግማሽ ሲሆን ያንን ሞገድ በደንብ ይመልሳል። የመሬቱ ራዳር ሞገድ 53 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ የሊሽተንሽታይኑ 60 ገደማ ነው። ስለዚህ በአንዴ ሁለቱንም አሳወሩ። የራዳር ሠራተኛው በራዳሩ መስኮት ላይ የሚያየው አንድ አውሮፕላን ሳይሆን የበረዶ ውርጅብኝ ነው። የካምሁበር ሽንሽን ማሳ በአንድ ሌሊት ዋጋ አጣ።

አስብ እንግዲህ። በዚያ ሌሊት አምስት መቶ ሄንከል 219 ቢኖራቸው ምን ይለወጥ ነበር? ያው ሊሽተንሽታይን ነው የተገጠመላቸው። በጣም ፈጣን ዓይነ ስውር ይሆኑ ነበር።

ጀርመኖች የተነሡት በሌላ ራዳር ነው፤ ኤስኤን 2 ይባላል። ሞገዱ ከ3 ሜትር በላይ ስለሆነ አጫጭሮቹ ቁራጮች አላስቸገሩትም። ዋጋው ትልቅ አንቴና ነው፤ የአጋዘን ቀንድ የሚመስለው። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ በብዛት ሲገባ የእንግሊዝ ኪሳራ አሻቀበ። መጋቢት 30 ለ31 አጥቢያ 1944 ኑረምበርግ ላይ 95 ቦምብ ጣዮች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ያን ሌሊት ዋናውን ሥራ የሠሩት እነዚያው ያረጁት መሰርሽሚት 110ና ዩንከርስ 88 ናቸው። በላያቸው ሽቅብ የሚተኩሱ መድፎች ተገጥመዋል። አብራሪው ከቦምብ ጣዩ ሆድ ሥር ገብቶ፣ ከላይ ማንም ሳያየው፣ ወደ ላይ ይተኩሳል። ጀርመኖቹ «ሽሬገ ሙዚክ» ይሉት ነበር፤ ቃል በቃል «ዘማማ ሙዚቃ» ነው፤ ጃዝን የሚጠሩበት የአራዳ ቃል ነበር። ይህ ፈጠራ የመጣው ከትልቅ ዲዛይን ቢሮ አይደለም፤ አብራሪውና የጣቢያው መሣሪያ ጠጋኝ ተመካክረው የሠሩት ነው። እንደ ጠጋኝ በዚህ ትንሽ ኩራት ይሰማኛል፤ የተጠቀሙበት ወገን ባያኮራም።

ከሁሉም በላይ ብዙ የጣለው የሌሊት አብራሪ ሃይንዝ ቮልፍጋንግ ሽናውፈር 121 ድል ነው የተመዘገበለት። አብዛኛውን ያገኘው በመሰርሽሚት 110 ነው፤ በዚያ በ1940 የቀን መሳቂያ በነበረው።

ሌላም ነገር አለ። ራዳሩ፣ የእንግሊዝን ራዳር የሚያሸት መቀበያው፣ ሬዲዮው፣ የአቅጣጫ መሣሪያው፣ ሁሉም በአንድ ሰው ጭን ላይ ተከመረ። በ219 ውስጥ ያለው ሁለት ሰው ብቻ ነው። በ1944 የመጣው ዩንከርስ 88 ጂ ግን ሦስት፣ ኋላም አራት ሰው ይይዛል። አንዱ ራዳር ሲያይ ሌላው መንገድ ይመራል፣ ሌላው ከኋላ ይጠብቃል። ከኋላ መጠበቁ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የእንግሊዝ ሞስኪቶዎች ራሳቸው ራዳር ይዘው የጀርመን አዳኞችን ማደን ጀምረዋል። ለዚህ ነው የ1944ቱ ዩንከርስ 88 ጂ ለጀርመኖች ትክክለኛው መልስ ነበር የምለው። አዲስ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢኤምደብሊው 801 ሞተር፣ ከዩንከርስ 188 የተወሰደ ጅራት፣ አንድ አዲስ ራዳር። ሉሰር በኋላ የጻፈውን ሂሳብ ሳያውቁት አከበሩት።

እሱም ቢሆን አላዳናቸውም። በሐምሌ 1944 አንድ የጀርመን ሠራተኞች ቡድን መንገድ ስቶ ዩንከርስ 88 ጂውን ይዞ እንግሊዝ ውስጥ ዉድብሪጅ ላይ አረፈ። እንግሊዞች ኤስኤን 2ን ከነነፍሱ አገኙት። ወዲያው ለሱ የሚሆን ረጃጅም ቁራጭ ቆረጡ። ከዚያ በፊት በግንቦት የጀመረው የነዳጅ ፋብሪካዎች ድብደባም ፍሬ እያፈራ ነበር። አውሮፕላን አለ፣ ቤንዚን የለም። ቤንዚን ከሌለ አዲስ አብራሪ የሚሠለጥንበት የለም።

219 ራሱ ምን ሠራ? በአመዛኙ በአንድ ክፍል እጅ ነበር፤ በቬንሎ በነበረው የ1ኛው የሌሊት ተዋጊ ክንፍ አንደኛ ምድብ። አብራሪዎቹ ይወዱት ነበር፤ ይህን ላንተም ለሄንከልም እመሰክራለሁ። ሚያዝያ 11 ቀን 1944 ሌሊት ሄርተርና ፐርቢክስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከተመታ 219 ተስፈንጥረው በሕይወት ወረዱ። በውጊያ ላይ በማስፈንጠሪያ ወንበር የዳኑ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሉሰር ሕልሞች ከሸፉ ማለት አይደለም። ወንበሩም፣ የአፍንጫ ጎማውም ዛሬ ተራ ነገር ናቸው። ችግሩ ሁሉንም በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ጊዜ፣ ቦምብ እየዘነበ መሆኑ ነው።

የት እናየዋለን ለሚለው፦ ሙሉ ሆኖ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። እንግሊዞች ዴንማርክ ውስጥ ማረኩት፤ አሜሪካኖች በመርከብ ወሰዱት። ሁለተኛው በ2012 ከዴንማርክ ባሕር ዳርቻ ተሰባብሮ የወጣው ነው። ሙሉው ቨርጂኒያ ውስጥ በስሚዝሶኒያን ኡድቫር ሄዚ ማዕከል ቆሟል፤ ከዳለስ አየር ማረፊያ አጠገብ ነው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል ስትሄዱ በረራው ከዘገየ ጎራ በሉ። የፊት ጎማውን ማየት እንዳትረሱ። ሲታጠፍ በ90 ዲግሪ ይዞርና ከኮክፒቱ ወለል ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። እኔ ሥሩ ቆሜ «ይህን ማን ይሆን ሲቀባ የኖረው?» እያልኩ ግማሽ ሰዓት አጥፍቻለሁ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያው ግን ትከፍላላችሁ።